የቦኖው ቁልፍ

በልጅነቴ ቡታጅራ ውስጥ የውሃ ወረፋ የሚይዘው ጀሪካን ነበር። ማታ ወስደን ቦኖው ፊት እናሰልፈዋለን፣ ሌሊቱን እዚያው ያድራል፣ ጎህ ሲቀድ ባለቤቱ መጥቶ አጠገቡ ይቆማል። የኛው እጀታ ላይ እናቴ ቀይ ጨርቅ አስራበታለች። የጎረቤታችን ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። ከዚያ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን መሃል እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ከሩቅ ይለያል። ተራ ያፋለሰ ሲገኝ ጠቡን የሚዳኙት እዚያው የቆሙት እናቶች ናቸው፤ ፖሊስም ቀበሌም አይጠራም። የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው ግን የቦኖዋ ጠባቂ አንገት ላይ በሲባጎ በተንጠለጠለው ቁልፍ ላይ ነው። እሷ መጥታ ጓጉንቸሩን እስክትከፍት ድረስ ውሃው ቧንቧው ውስጥ ቢኖርም ለኛ እንደሌለ ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የፍትሐ ብሔር ሕጉን፣ ሕገ መንግሥቱንና የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጁን ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብ ያ ቁልፍ ትዝ አለኝ። ሦስቱም ውሃው የማን እንደሆነ ይናገራሉ። ቁልፉን ማን ይይዛል፣ ጓጉንቸሩ ሲሰበር ማን ያሠራል፣ የተሰበሰበው ሳንቲም የት ይቀመጣል ለሚለው ግን ለረጅም ጊዜ መልስ የሰጡት ሕግ አውጪዎች አይደሉም። መልሱን የሰጡት የምንጭ ሽማግሌዎች፣ አዲስ አበባ ገብተው የነገዱ የአገር ልጆች፣ የሆስፒታል መነኮሳትና የውሃ ኮሚቴ የሚባለው ማኅተም የሌለው ማኅበር ናቸው። ልተርክ የተነሣሁት የእነዚህን ታሪክ ነው።

የጉራጌ ተራሮች የዝናብ ድንበር ናቸው። ከአናታቸው ወደ ምዕራብ የወረደው ውሃ በዋቤ በኩል ጊቤ ይገባል፣ ጊቤ ወርዶ ኦሞ ይሆናል፣ ኦሞም ጉዞውን ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ከመቂ ወንዝ ጋር ሄዶ ዛሬ ደንበል ወደምንለው ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ወልቂጤ በምዕራቡ ወገን በጅማ መንገድ ላይ ተቀምጣለች፤ ቡታጅራ በምሥራቁ ግርጌ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ። ሁለቱም ከተሞች ቀና ብለው የሚያዩት ያንኑ ደጋ ነው፤ ሁለቱም ከዚያ የሚወርደውን ይጠጣሉ።

ደጋው ላይ ቧንቧ ከመምጣቱ በፊት ቁልፍ አልነበረም፣ አጥር ነበር። ምንጭ የፈለቀበት ቦታ ይታጠራል፤ ላይኛው ገንዳ ለሰው፣ ቀጥሎ ያለው ለከብት፣ ታችኛው ለልብስ ይሆናል። ዝናብ ሲወጣ ደለሉን የሚጠርገው የመንደሩ ሰው ነው፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ጉራጌ ይህን መሰሉን የጋራ ነገር በቃል ሕግ ማስተዳደር ያውቅበታል። ሰባት ቤት የጆካ ቂጫ አለው፣ ክስታኔ የጎርደና ሴራ አለው፣ መስቃን የፈረዝአገኘ ሴራ አለው። ሽማግሌው በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ይሰማል፣ ይመረምራል፣ ካሣ ይቆርጣል። ፍርዱን አልቀበልም ያለ ሰው ወህኒ አይወርድም፤ መንደሩ ያገልለዋል። እሳት የሚያውሰው፣ ለቅሶ የሚደርሰው፣ ከብቱ ገደል ቢገባ የሚያወጣለት አያገኝም። በእንሰት አገር፣ ለመትከሉም ለመፋቁም የጎረቤት እጅ በሚያስፈልግበት ቦታ፣ ከዚህ የሚከብድ ቅጣት የለም።

የዚህን ሥርዓት ጉልበት ማየት የሚፈልግ ጀፎረን ይመልከት። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚዘረጋው ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሠራሉ። ሰርጉ እዚያ ላይ ነው፣ ለቅሶው እዚያ ላይ ነው፣ ጥጃው የሚግጠው፣ ልጁ የሚሯሯጠው፣ ሽማግሌው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። መሬት በጠበበበት፣ ለአንድ እግር እንሰት ቦታ በሚፈለግበት አገር ያ ሁሉ ሜዳ ሳይታጠር ትውልድ ተሻግሯል። ማንም ባለሥልጣን አልጠበቀውም። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በማግስቱ ሽማግሌ ይመጣበታል። ስለ ጋራ ንብረት የተጻፈ መጽሐፍ ባነበብኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ሣር ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ያለ መንግሥትም ያለ ግል ባለቤትም አስተዳድረው ማቆየት እንደሚችሉ ከብዙ አገር ማስረጃ ሰብስባ በማሳየቷ ነው። ከስፔን የቫሌንሲያን የመስኖ ገበሬዎች አንሥታ ጽፋለች። እነዚያ ገበሬዎች የራሳቸው የውሃ ችሎት አላቸው፤ ዘወትር ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ከካቴድራሉ በር ፊት ይሰየማል፣ ክሱም ክርክሩም ፍርዱም በቃል ያልቃል። የጆካን የሚያውቅ ሰው ቫሌንሲያ ቢሄድ እንግዳ አይሆንም።

በአገራችንም ጉራጌ ብቻውን አይደለም። በአማራ ገበሬ ዘንድ መስኖ ባለበት የውሃ አባት ይመረጣል፤ ተራ የሚያስይዘው፣ ቦይ የሚያስጠርገው፣ የሰረቀውን የሚቀጣው እሱ ነው። ቦረና ላይ የጥልቁ ጉድጓድ ባለቤት ጎሣ በአባ ኮንፊ ይወከላል፣ የዕለት ተራውን ደግሞ አባ ሄሬጋ ያስከብራል። የሁሉም መሠረት አንድ ነው፦ የሚጠጣ ይጠርጋል፣ ያልጠረገ አይጠጣም።

ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ የሻረ ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጣ። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 ላይ ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ቀድሞ የነበረው የጽሑፍም ሆነ የልማድ ሕግ ሁሉ ተሽሯል ይላል። ውሃን ደግሞ ሕጉ በደንብ አድርጎ ሸፍኗል። ከቁጥር 1228 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ስለ ወራጅና ስለ ቋሚ ውሃ፣ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ፣ ስለ መስኖ ይዘረዝራሉ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በውሃ ለመጠቀም ቅድሚያው የማኅበረሰቡ ነው ይላል፤ መሬቱን ወንዝ የሚያቋርጠው ባለይዞታ ለቤቱና ለከብቱ ሊጠቀም ይችላል፣ መስኖ ግን ለመጠጥ የሚቀዱትን የሚጎዳ እንዳይሆን ይላል። ላይኛው ገንዳ ለሰው፣ ታችኛው ለከብት ከሚለው ከመንደሩ ደንብ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ ያለው ቀጥሎ ነው። ውሃውን የሚቆጣጠረውና የሚጠብቀው ሥልጣን ያለው ባለሥልጣን ነው ተባለ። በዚያ ዘመን ጉመር ወይም እኖር ደጋ ላይ ሥልጣን ያለው የውሃ ባለሥልጣን የሚባል ሰው አልነበረም። ጠራጊው ሽማግሌ በወረቀት ተሻረ፣ በምትኩ የመጣ ግን የለም። ስለዚህ መንደሩ በፊት ያደርግ የነበረውን ማድረጉን ቀጠለ፤ የቀረው ነገር ሕጋዊ እውቅናው ብቻ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ኋላ ላይ ምን እንዳስከፈለ እንደርስበታለን።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በወጣ በአንድና በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ሌላ ዓይነት ተቋም መሠረቱ። ዛሬ ብዙ ወጣት የማያውቀው የአለም ገና ወላሞ መንገድ ሥራ ድርጅት ነው። ከአለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ ለሚደርስ መንገድ ገንዘብ የተዋጣው ከመርካቶ ሱቅ፣ ከልብስ ሰፊው፣ ከሊስትሮው፣ መንገዱ ከሚያልፍበት ገበሬም ጭምር ነው። የሰባት ቤት ተወላጆችም በዚያው ሰሞን የራሳቸውን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመዋል፤ የኋላው የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ሥሩ ከዚያ ነው። ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በዚሁ በአለም ገናው ድርጅት ላይ ነው።

ስለ ውሃ እያወራሁ ወደ መንገድ የወጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የጀፎረው አሠራር ከጀፎረው ወጥቶ ደረሰኝ ያዘ፣ ገንዘብ ያዥ መረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ጻፈ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ተደራደረ። በዛፍ ጥላ የሚሰበሰበው ሽንጎና በጽሕፈት መኪና የሚጻፈው ደብዳቤ እዚህ ላይ ተገናኙ። የአዋጪው ስም በመዝገብ ይያዛል፣ ሒሳቡ በስብሰባ ይነበባል። ከዚህ ወዲያ በጉራጌ ምድር የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ወይም የተገነባ የምንጭ ሳጥን ሲታይ ከጀርባው ብዙ ጊዜ ይኸው አሠራር አለ። የመስቀል ሰሞን ከተሜው አገር ቤት ሲገባ፣ በቡታጅራ በኩል ደግሞ በዐረፋ፣ ክትፎው ከተበላ በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አዲስ አበባ ያለው ስንት ያዋጣል፣ መንደሩ በጉልበት ምን ያህል ይቆፍራል፣ ድንጋይና አሸዋ ማን ያቀርባል የሚለው እዚያ ይወሰናል። በነሐሴ መጨረሻ ስለ ምንጭ ማጎልበት የሚደወልለት የመርካቶ ነጋዴ ለምን እንደተደወለለት ያውቃል።

ሴቶች ኮሚቴው ውስጥ ያገኙት ወንበር ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ አጣጥ የሚባል ሆስፒታል አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካቶሊክ የሕክምና ሚሲዮን እህቶች ተጀመረ። እህቶቹ ዓመት ከዓመት ያንኑ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ሲያክሙ ኖሩ። ታክሞ የዳነው ልጅ ወደዚያው ምንጭ ተመልሶ በወሩ ዳግመኛ ታቅፎ ይመጣል። መድኃኒት ብቻ መስጠቱ ማለቂያ የሌለው መሆኑን ሲረዱ ምንጭ ማጎልበትን የሕክምናው አካል አደረጉት። መንደሩ ጉልበቱንና የአቅሙን ይዞ እንዲመጣ፣ ኮሚቴ እንዲመርጥ፣ ከኮሚቴው ውስጥ ሴት እንድትኖር ተደረገ። ይህ የመጨረሻው ነገር በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። የጆካ ላይም ጎርደና ላይም የሚቀመጠው ወንድ ነው፤ እንስራውን የምታዝለው ግን ሴት ናት። ቧንቧው ሲንጠባጠብ፣ ጎማው ሲያልቅ፣ ውሃው ሲደፈርስ መጀመሪያ የምታየው እሷ ነች። ቁልፉ ወደ ሴት አንገት የዞረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የልጅነቴ የቦኖ ጠባቂም የዚያ ፍሬ ናት።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሲያደርግ ምንጩም አብሮ ሄደ። በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ ቀበሌ የቦኖው ባለቤት ሆነ። ቀበሌ ውሃ ሸጦ ለሌላ ሥራ የሚያውልበት ጊዜ ነበር፤ ለቦኖው መጠገኛ የሚቀር አልነበረም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። በአንቀጽ 90 ላይ ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ፖሊሲዎች ንጹሕ ውሃን ለሁሉም ለማዳረስ ያለሙ ይሆናሉ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ የፖሊሲ ዓላማ ነው፤ ዜጋ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚጠይቀው መብት ተደርጎ አልተጻፈም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ በ122 ድምፅ ሲያጸድቅ ማንም አልተቃወመም፤ ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት 41 አገሮች አንዷ ግን ኢትዮጵያ ነበረች። በልጅነቴ ከቦኖ ውሃ የጠጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን ባወቅሁ ቀን አዝኛለሁ፤ ዛሬም ትክክል ነበር ብዬ አላምንም።

ዋናው ሕግ የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ነው። ሦስት ነገሮቹን መያዝ ይበቃል። አንደኛ፣ የአገሪቱ የውሃ ሀብት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው። ሁለተኛ፣ ከማናቸውም አጠቃቀም ይልቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤት ውስጥ ፍጆታ ነው። ሦስተኛ፣ በውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በእጅ ጉድጓድ ለሚቆፍር፣ በባህላዊ መስኖ ለሚያጠጣ፣ ከብት በባህላዊ መንገድ ለሚያረባ፣ ለውሃ ወፍጮ ግን አያስፈልግም። ይህ ሦስተኛው የተጻፈው በጥሩ ልብ ነው፤ ምስኪኑን ገበሬ ወረቀት ፍለጋ ወረዳ አያንከራትትም። አርቃቂው ያሰበው ግን ገመድና ባልዲ ነበር። ዛሬ ቆላው ላይ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ የቤንዚን ሞተር ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ በርበሬና ሽንኩርት ሲያጠጣ ይውላል። የጎረቤቱ ጉድጓድ ሲደርቅ ደግሞ ተበዳዩ ምን ብሎ ይክሰስ? ጉድጓዱ በእጅ ተቆፍሯል፣ ፈቃድ አያሻውም። ሞተሩ የወጣው ከሕጉ ሐሳብ እንጂ ከሕጉ ቃል አይደለም። እንዲህ ዓይነቱን ጠብ እስካሁን የሚፈታው ያው የተሻረው ሽማግሌ ነው።

አሁን ወደ ኮሚቴው እንመለስ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የገጠር ውሃ ፕሮጀክት በመጣበት ሁሉ ሥራው ሲያልቅ ርክክቡ የሚፈጸመው ከውሃ ኮሚቴ ጋር ነው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ጠባቂ። ሪባን ይቆረጣል፣ ጭብጨባ ይሆናል፣ መኪናዎቹ ይሄዳሉ። ብዙ ብር የወጣበት ጉድጓድ፣ የእጅ ፓምፕ ወይም ሞተር፣ ማጠራቀሚያና መስመር በእነዚህ ሰዎች እጅ ይቀራል። እነዚህ ሰዎች ግን በሕግ ፊት የሉም ነበር። እንደ ማኅበር የተመዘገቡ አይደሉም፤ የኅብረት ሥራም አይደሉም። ማኅተም የላቸውም። በኮሚቴው ስም ባንክ ሒሳብ መክፈት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የወር መዋጮው የገንዘብ ያዥዋ ሣጥን ውስጥ፣ አንዳንዴም መቀነቷ ላይ ያድራል። ቧንቧውን በዶማ የሰበረውን ሰው መክሰስ አይችሉም፤ ከሳሹ ማን ይባላል? ሞተሩ ሲቃጠል ብድር የሚሰጣቸው የለም።

በእጅ ፓምፕ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ። ፓምፑ የሚቆመው ብዙ ጊዜ በአንዲት የጎማ ቀለበት ምክንያት ነው። ቀለበቷ ስታልቅ እጀታው ይቀላል፣ ሃያ ጊዜ ወርዶ ወጥቶ አንድ ጉንጭ ውሃ አይመጣም። ቀለበቷን ገዝቶ ለመግጠም ጂራቱቦ የያዘ፣ ቧንቧውን ዘንግ በዘንግ እየፈታ የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል፤ የዕቃው መሸጫ ከወረዳው ከተማ ውጭ አይገኝም ይሆናል። ገንዘቡ ካለ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ገንዘቡ ተበልቶ ከሆነ፣ ወይም ተበልቷል ተብሎ ከተጠረጠረ፣ የሚያዋጣ ይጠፋል። ሴቶቹ ወደ ድሮው ምንጭ ይመለሳሉ፤ ፓምፑ ሜዳው ላይ ቆሞ ዝገት ይበላዋል። ሰው ይህን ሲያይ ሕዝቡ የባለቤትነት ስሜት የለውም ይላል። ይህ አባባል ያናድደኛል። ባለቤት ነህ ተብሎ ሰነድ ያልተሰጠው፣ ሒሳብ መክፈት ያልቻለ፣ መክሰስ የማይችል ሰው በምን ባለቤት ይሁን? ጀፎረን ለትውልድ የጠበቀ ሕዝብ ቧንቧ መጠበቅ አያቅተውም።

ይህን ክፍተት መንግሥትም አይቶታል። በ2006 ዓ.ም. የፌዴራሉ ፓርላማ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841ን አወጣ፤ በመስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ሕጋዊ ሰውነት ያለው የራሳቸው ማኅበር እንዲኖራቸው አደረገ። ለመጠጥ ውሃ ኮሚቴዎች ግን ነገሩ ለክልሎች ተተወ፤ ክልሎች ተራ በተራ በ2000ዎቹ ዓመታት ለኮሚቴዎቹ ሕጋዊ እውቅና መስጠት ጀመሩ። ቅድሚያው ለመጠጥ ነው በሚል አገር ሕጋዊ ሰውነትን በፌዴራል አዋጅ ያገኘው መጀመሪያ መስኖው መሆኑ ይገርመኛል። ምክንያቱ ስውር አይደለም፦ መስኖ ምርት ያወጣል፣ ምርት በቁጥር ይዘገባል። አንዲት ሴት ሁለት ሰዓት ከመሄድ መዳኗን የሚመዘግብ ሠንጠረዥ የለም።

የከተማው ታሪክ ሌላ መንገድ ይዟል። በከተሞች የመጠጥ ውሃ አገልግሎት የራሱ ቦርድ ያለው፣ ወጪውን በቆጣሪ ከሚሸጠው ውሃ የሚሸፍን ድርጅት እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የውሃ ሀብት ልማት ፈንድም ለከተሞች የሚሰጠው ገንዘብ ተመላሽ ብድር ነው። በወረቀት ላይ የሚያምር ሐሳብ ነው። በተግባር ግን የከተማ ውሃ በሁለት መስመር የተንጠለጠለ ነው፤ አንዱ የውሃ፣ ሌላው የመብራት። መብራት ሲሄድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሞተር ይቆማል፣ ማጠራቀሚያው ይጎድላል፣ ከፍታ ላይ ያለው ሰፈር መጀመሪያ ይደርቃል። ከዚያ ፈረቃ ይመጣል። ፈረቃ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ሮቶ ያስቀመጠ ሰው ሌሊት ሞልቶ ለሳምንት ይጠቀማል፤ ሮቶ የሌለው ጀሪካኑን ለጋሪ ወይም ለባጃጅ ከፍሎ ያስቀዳል። ድሃው ለአንድ ጀሪካን የሚከፍለው፣ ቆጣሪ ያለው ለዚያው መጠን ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ መሆኑን ቡታጅራም ሆነ ወልቂጤ የኖረ ያውቀዋል።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ቡታጅራ 33,406 ሰው ነበራት፣ ወልቂጤም ከ28 ሺህ በላይ። ከዚያ ወዲህ ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፣ ፎቅ በፎቅ ላይ ተነሥቷል፣ ሰፈር በሰፈር ላይ ተጨምሯል። ውሃው በዚያ ልክ አላደገም። የወልቂጤ ሰው ለዓመታት አቤት ሲል ቆየ። የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. የውሃ እጦቱ ያስመረራቸው ነዋሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ። ቢያንስ ሦስት ሰዎች መሞታቸውንና ሌሎችም መቁሰላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አሳወቀ። በዚያ ጊዜ በጉራጌ ዞን የክልልነት ጥያቄም ስለነበር ቀኑን የፖለቲካ ቀን አድርገው የሚተርኩት አሉ። እኔ ግን የማስታውሰው ውሃ ጠይቀው የወጡ ሰዎች ወደ ቤታቸው አለመመለሳቸውን ነው። ምንጭ ላይ በሽማግሌ የሚዳኝ ሙግት እዚህ የደረሰው፣ አቤቱታ የሚሰማበት ወንበር በመሃል ስለጠፋ ነው። የጆካ ላይ የተበደለ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ ዳኛውም ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይሰማዋል። የከተማ ውሃ ደንበኛ ፊት ለፊቱ ያለው የክፍያ መስኮት ነው።

ከዚህ በኋላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች፣ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫነቷን ይዛ ቀጠለች። የዝናቡ ድንበር የሆነው ተራራ ግን እዚያው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኝ ውሃ የሚተዳደረው በፌዴራል መንግሥት ነው። መቂ ወርዶ ኦሮሚያ ይገባል፣ ዋቤና ጊቤም ብቻቸውን አይሄዱም፤ እንዲያውም ኬንያ ድረስ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ከደጋው የሚወርደው ወንዝ በሕግ ዓይን የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው። የአንዲት መንደር ምንጭ ደግሞ የመንደሯ ጉዳይ ነው። በመሃል ያለው፣ ከደጋ ምንጭ ተነሥቶ የገበሬውን ማሳ አቋርጦ ከተማ የሚገባው መስመር የማን ጉዳይ ነው? ምንጩ የፈለቀበት ቀበሌ ቧንቧው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ያያል፤ እሱ ራሱ ቦኖ ላይኖረው ይችላል። በየአገሩ እንዲህ ባለ ቦታ መስመር ይቆረጣል፣ ጥበቃ ይቀጠራል፣ እስር ይመጣል። የሚሻለው ከጠብ በፊት የሚደረግ ነው፦ መስመሩ ሲዘረጋ ለምንጩ ቀበሌ ቦኖ ማውጣት፣ ከከተማው የውሃ ቦርድ ውስጥም የዚያን ቀበሌ ሰው ማስቀመጥ። ወንበሩ ከተሰጠው ቧንቧውን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ነው።

ባለፈው መስቀል ደጋ ላይ ወዳለች አንዲት መንደር ሄጄ ነበር። ከዕርዱ በኋላ ጀፎረው ሣር ላይ ኮሚቴው ተቀመጠ። ገንዘብ ያዥዋ የተማሪ ደብተር ገልጣ የዓመቱን መዋጮ ስም በስም አነበበች፤ ያልከፈሉት ሰዎች ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋን አልቀነሰችም። ከአዲስ አበባ የመጡት ለአዲስ ማጠራቀሚያ ምን ያህል እንደሚጎድል ጠየቁ። አንድ ሽማግሌ ምንጩ አናት ላይ ባሕር ዛፍ የተከለውን ጎረቤታቸውን በስም ጠርተው ዛፉ ውሃውን እየጠጣው ነውና ቆርጠህ አንሣ አሉት፤ እሱም እስከ ጥር ጊዜ ስጡኝ አለ፣ ተሰጠው፣ ተጻፈ። የቦኖዋ ጠባቂ እርጅና ተጫጭኗቸው ሥራውን ለቀው ነበር። አዲስ የተመረጠችው ልጅ ፊታቸው መጥታ ጎንበስ አለች። አሮጊቷ መጀመሪያ ጂራቱቦውን ሰጧት፣ ቀጥለው ሁለት ትርፍ ጎማ ከጨርቅ ፈትተው ቆጠሩላት፣ ሲባጎውን ከአንገታቸው ለማውለቅ ግን ጊዜ ወሰደባቸው፤ ነጠላው ላይ ተጠምዞ ነበርና ልጅቷ እጇን ዘርግታ ረዳቻቸው።